ተከፍቶ የማይቆይ ዝርዝር

በአዊ ዞን፣ አዘና ላይ በስልኩ ቅጽ የሚሞላ ሰው ሁሉ ይህን ድካም ያውቀዋል። ገጹ ሲከፈት የክልል ስም ብቻ ይታያል። አማራን ሲነኩት ዞኖቹ ይዘረገፋሉ፤ አዊን ሲነኩት ወረዳዎቹ ይወጣሉ፤ ከየስሙ ፊት ራይት የሚደረግባት ትንሽ ሳጥን አለች። ረጅም ዝርዝርን አጥፎ ማቅረቡ ራሱ ደግ ሐሳብ ነው፤ የአገሩን ወረዳ ሁሉ እያንሸራተቱ የራስን ሲፈልጉ ከመዋል ያድናል። የሚያማርረን አሠራሩ ነው።

የኛኑ ዞን ውሰዱ። አንከሻ ጓጉሳ አለ፣ ጓጉሳ ሽኩዳድ አለ፣ አየሁ ጓጉሳ አለ። አዘና ያለችው በአየሁ ጓጉሳ ነው። አየሁ ከአንከሻ ሥር ተጠግቶ ይጻፍና ጣት ትንሽ ሳት ሲል አንከሻ ይመረጣል። ከዚያ የቀበሌ መታወቂያው ሌላ፣ ቅጹ ሌላ ይሆናል፤ ሰውም ለማስተካከል ሲመላለስ ይከርማል። ሳጥኗንና ስሙን ሌብል በሚባለው መለያ አንድ ላይ ቢያስሯቸው እኮ ስሙን መንካትም ይበቃ ነበር። ይህን ለመሥራት ጃቫስክሪፕት የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንኳ አያስፈልግም።

እኔም ድረ ገጽ እሠራለሁና የምለምነው የሙያ ባልደረቦቼን ነው። ለምንድን ነው ሁሉን ነገር በጃቫስክሪፕት የምታጥፉት? ዲቴይልስ የሚባለው የኤችቲኤምኤል መለያ ያለ ምንም ኮድ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2011፣ ፋየርፎክስ ከ2016፣ ኤጅም ከ2020 ጀምሮ ያውቁታል። በእናንተ ገጽ ግን ኔትወርኩ ተቆራርጦ የስክሪፕቱ ፋይል ሳይወርድ ከቀረ፣ «አዊ» የሚለውን መቶ ጊዜ ቢነኩት አይከፈትም። አማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበት ክልል ነው። ሁልጊዜ ፈጣን መስመር እንዳለን አድርጋችሁ አትሥሩልን።

ገጹ በራሱ እንደገና ሲጫን ደግሞ የከፈትነው ሁሉ ተመልሶ ይታጠፋል፣ ያደረግነው ራይት ሁሉ ይጠፋል። ብሮውዘሩ ሎካል ስቶሬጅ የሚባል ማስቀመጫ አለው፤ ምርጫው እዚያ ቢያዝ ሰው ካቆመበት ይቀጥል ነበር። (ቅጹ ከተላከ በኋላ ግን ይጽዳ፤ እዚህ ብዙ ሰው የሚሞላው ኮምፒውተር ቤት ነው፣ የአንዱ መረጃ ለሚቀጥለው ሰው መታየት የለበትም።)

የዞኑ ሳጥንም ሌላ ጣጣ ነው። «አዊ» ላይ ራይት ሲደረግ በሥሩ ያሉት ወረዳዎች ሁሉ ይመረጣሉ፤ ጥሩ። አንዱን ወረዳ ስናነሣ ግን የዞኑ ሳጥን ሁሉም እንደተመረጠ ይቆያል። ዝርዝሩ ታጥፎ ሳለ የሚታየን እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ውስጡ ምን እንዳለ በምን እናውቃለን? ለዚህ ሙሉም ባዶም ላልሆነ ሳጥን ጭረት የሚያሳይ ኢንዲተርሚኔት የሚባል ሁኔታ አለ። እሱ በኤችቲኤምኤል ብቻ ስለማይገኝ ጃቫስክሪፕት በእውነት የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ይረሱታል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የማይናገረው ስሕተት ነው። የግድ መሞላት ያለበት ሳጥን በታጠፈው ክፍል ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ሰውየው «ላክ» የሚለውን ይጫናል፤ ምንም የለም። ደግሞ ይጫናል፤ ምንም የለም። ብሮውዘሩ ያልተሞላውን ሊያሳይ ይፈልጋል፣ ሳጥኑ ግን ከገጹ ተሰውሯልና የሚያሳይበት ቦታ ያጣል፤ ማስጠንቀቂያው የሚጻፈው ፕሮግራመር ብቻ በሚያየው መዝገብ ላይ ነው። ለሥራ ማመልከቻ የመጣ ልጅ ግን ጥፋቱ የሱ ይመስለዋል፤ ስልኩን ያጠፋል፣ ያበራል፣ የማመልከቻው ቀን ያልፍበታል። «ላክ» ሲባል ያልተሞላው ያለበትን ክፍል የሚከፍቱ ጥቂት መስመሮች ይህን ሁሉ ያስቀሩ ነበር።

ተልኮም ቢሆን አያልቅም። ቢሮ የሚጠይቀው የታተመ ወረቀት ነው፤ የታጠፈ ዝርዝር ሲታተም ደግሞ ርዕሱ ብቻ ይወጣል፣ የተመረጡት አይወጡም። ከመታተሙ በፊት ሁሉን የሚከፍት ትእዛዝ ካልተጻፈለት በራሱ አይከፈትም። የተቀባዩ ባለሙያም ወረቀቱን አይቶ «ምንም አልመረጥክም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ሰውየውም ኮምፒውተር ቤት ተመልሶ ለሁለተኛ ጊዜ የማሳተሚያ ይከፍላል።