ከአባ ሳሙኤል ሐይቅ ወለል የሰጠመ ግንድ ለማውጣት የወጣ አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ማኅተም አስመትተህ ላልሰማ አሰማ!

ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው፣ በየመንገዳቸው የተጣለላቸውን ሁሉ ተሸክመው ከአቃቂ ቃሊቲ ማዶ አባ ሳሙኤል ላይ የሚገናኙ በመሆኑ፤

በ1930ዎቹ ተገድቦ 6.6 ሜጋ ዋት ሊያመነጭ የተሠራው ኃይል ማመንጫ በደለል ታንቆ ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ፣ በቻይና ድጋፍ ቢታደስም ደለል አመጣጡን ያልተወ በመሆኑ፤

ጋና ከቮልታ ሐይቅ ሥር የሰጠመ ደኗን በፈቃድ ስታስቆርጥ እኛ ዝም ብለን ማየታችን የሚያስቆጭ ሆኖ በመገኘቱ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ሐይቁ ውስጥ ግንድ ስለመኖሩ የተደረገ ጥናት የለም። ጥናቱ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ይካሄዳል።

አንቀጽ 2። ግንድ፣ ጉቶ ወይም አጣና ማውጣት የሚፈልግ ማንኛውም ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ያወጣል። ግንዱ ውሃ ውስጥ ስላለ በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት የውሃ መሥሪያ ቤቱን፣ ዛፍ ስለነበረ በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 መሠረት የደን መሥሪያ ቤቱን፣ ሲወጣ አሸዋ ይዞ ስለሚወጣ የማዕድን ክፍሉን ያስፈቅዳል። ግንዱ በጎርፍ ተገፍቶ ከእንጦጦ የመጣ ከሆነ ከቀድሞ ወረዳው መሸኛ ያቀርባል። መሸኛ የሌለው ግንድ ባለበት ይቆያል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ከሆኑ አመልካቹ ነገ ይመለሳል፤ ነገ ሲስተም ከሌለ ከነገ ወዲያ።

አንቀጽ 3። ወደ ሐይቁ መጣል ፈቃድ አያስፈልገውም። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ የመጸዳጃ ቤት ቱቦ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ሃይላንድና ፌስታል ቀንም ሌሊትም፣ በበዓልም ጭምር በነፃ ይስተናገዳሉ። ጣዩ ስሙን እንዲናገር አይገደድም። ሐይቁ ሳይደርስ በአቃቂ ጎመንና ሰላጣ በኩል ወደ ከተማው ገበታ የተመለሰ ፍሳሽ ለባለቤቱ እንደተመለሰ ንብረት ይቆጠራል።

አንቀጽ 4። ከዳርቻው ሃይላንድ ለቅመው ለቁራሌው የሚሸጡ ልጆች የመንግሥትን ቆሻሻ ያለ ፈቃድ በመቀነሳቸው ይቀጣሉ።

አንቀጽ 5። እምቦጭ የሐይቁን ፊት ያለ ካርታ ይዞ በመገኘቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲለቅ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ነበር። እምቦጩ ማስጠንቀቂያውን ሸፍኖ በቅሎበታል። ለአሥርተ ዓመታት የኖረበት በመሆኑ ጉዳዩ በሰነድ አልባ ይዞታነት እየታየለት ሲሆን ከአመልካቾች ሁሉ ቀድሞ ካርታ የሚወስደው እሱ ነው።

አንቀጽ 6። ይህ አዋጅ የሚታተምበት ወረቀት ከሚወጣው ግንድ የሚሠራ በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ግንድ በሕጋዊ ፈቃድ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ፈቃድ የሚሰጠው አዋጁ ከጸና በኋላ ነው።