69 ጊጋ የት ገባ?

ድሮ እቃ ከጎደለ የሚጠየቅ ሰው ነበር። እኔ በ1960ዎቹ መጨረሻ ጎልማሳ ሳልባል ግምጃ ቤት የገባሁ ሰው ነኝ። ያኔ በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው፣ ሁላችንም ዋዱ እያልን የምንጠራው የእርሻ ልማት ድርጅት ለወላይታ ገበሬ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ያድል ነበር። እቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ሲወጣ ሞዴል 22። በቆጠራ አንድ ኩንታል ከጎደለ ቁልፍ የያዘው ሰው እንቅልፍ የለውም። ወይ አይጥ ነው፣ ወይ ዝናብ ነው፣ ወይ እጅ ነው ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ሦስት ሰው ይፈርማል። ዛሬ ጉድለቱ አለ፤ አይጥም የለ፣ ዝናብም የለ፣ ፈራሚም የለ።

ነገሩ የመጣው ከጊፋታ ነው። በዓሉ መስከረም ላይ ሲውል ልጆቼ ካሉበት ተሰብስበው ሲበሉም ሲጨፍሩም ሲቀርጹ ይከርሙና፣ ሲሄዱ ሁሉንም እኔ ስልክ ላይ ጭነውት ይሄዳሉ። ስልኩ ሞላ። ኮምፒውተር የምትማረው የልጅ ልጄ “አባባ፣ ባለ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ይግዙና እገለብጥልዎታለሁ” አለችኝ። ከተማችን ሶዶ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ኮምፒውተር የሌለው ቢሮ፣ የኮምፒውተር እቃ የማይሸጥበት መንገድ የለም። ገዛሁ። ዋጋውን አልናገርም፤ የጡረታዬን መጠን ትገምቱብኛላችሁ። ካርቶኑ ላይ “1 ቴራ” የሚለው ያለ መነጽር ይነበባል።

ልጅቱ ሰካችው። 931 ጊጋ ይላል።

“1 ቴራ ስንት ጊጋ ነው ያልሽኝ?”

“1000፣ አባባ።”

“69ኙስ?”

“አልጎደለም። አቆጣጠሩ ነው።”

አቆጣጠሩ ነው! ይህን ቃል እኔ የግምጃ ቤት ሹም ሆኜ ለኦዲተር ብናገረው ኖሮ ዛሬ ሶዶ ላይ አታገኙኝም ነበር።

ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ፋብሪካው የሚቆጥረው እንደ ሰው ነው፤ በ1000። 1 ቴራ ማለት ከ1 ኋላ 12 ዜሮ፣ ያን ያህል ባይት ነው፤ አንዱም አልጎደለም። ኮምፒውተሩ ግን ከማባዛት ሁሉ የሚቀለው ማጠፍ ነው። 2፣ 4፣ 8 እያለ ሲያጥፍ አሥረኛው ላይ 1024 ይደርሳል። ይህ ለ1000 ቀረብ ይላል ብለው የድሮዎቹ መሐንዲሶች “ኪሎ” አሉት። በሺህ ላይ 24 ብትተርፍ ማን ይጣላል? ብለው ይሆናል። ነገር ግን ያቺ 24 ሜጋ ላይ ትባዛለች፣ ጊጋ ላይ ትባዛለች፤ ቴራ ላይ ስትደርስ ከመቶ 10 ሊሞላ ጥቂት የቀራት ልዩነት ሆናለች። ዊንዶውስ አንድ ጊጋ የሚለው 1,073,741,824 ባይት ነው። አላመንኳትም። የእድር ደረሰኝ ገልብጬ በእርሳስ አካፈልኩት፤ ጀርባው አልበቃ ብሎ ሁለተኛ ደረሰኝ ወሰደ። 931 መጣ፣ ከትንሽ ፍርፋሪ ጋር። 500 ጊጋ ሲባል 465፣ 4 ቴራ ሲባል 3.63 የሚያሳየውም በዚሁ ስሌት ነው። ሰው ትልቅ ዲስክ በገዛ ቁጥር ብዙ ይጎድልበታል፤ ብዙ ስለጎደለበትም ይበልጥ ትልቅ ይገዛል።

በሁለት ዓይነት መቁጠር ለእኛ ብርቅ አይደለም። እዚህ አገር አንድ የውጭ ባለሙያ በ2 ሰዓት ስብሰባ አለ ሲባል ከምሳ በኋላ ከች ብሎ፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አግኝተነዋል። ከዚያ ወዲህ “በአበሻ ነው በፈረንጅ?” ብሎ የማይጠይቅ የለም፤ ሕፃን እንኳ ይጠይቃል። የእኔም ክስ ይኸው ብቻ ነው፦ ዲስክ የሚሸጥ ሰው በየትኛው እንደቆጠረ በአፉ ይናገር! “ካርቶኑ ግርጌ ተጽፏል” አለችኝ። አዎ ተጽፏል፤ ለመነጽሬም ለአጉሊ መነጽርም በማይታዘዝ ፊደል።

ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም የጮህኩት። አሜሪካኖች በዚሁ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሄደዋል። ዌስተርን ዲጂታል በፈረንጆች 2006፣ ሲጌት በ2007 ጥፋት የለብንም እያሉ ከደንበኞቻቸው ጋር ተስማሙ። የመጀመሪያው ካሳ ብሎ የሰጠው ምን መሰላችሁ? ፋይል መገልበጫ ሶፍትዌር! ቦታ ለጎደለው ሰው ቦታ የሚይዝ ነገር ሰጡት። ሁለተኛው ለፈለገ ከከፈለው ከመቶ 5 መልሷል፤ እሱ ይሻላል። ከዚያ በፊት በ1998 የልኬት ሊቃውንት ተሰብስበው ለባለ 1024ቱ አቆጣጠር ኪቢ፣ ሜቢ፣ ጊቢ የሚሉ አዳዲስ ስሞች አውጥተውለት ነበር። ዊንዶውስ አልሰማም፤ ዛሬም በ1024 እየቆጠረ በ1000 ስም ይጠራል። አፕል በ2009 ማክን በ1000 እንዲቆጥር አደረገው። ይኸው የእኔው ዲስክ ማክ ላይ ቢሰካ ሙሉ 1 ቴራ ነው አሉኝ። “እንግዲያው ማክ ልግዛ?” ብላት ሳቀችብኝ፤ ፋይሎቹም አብረው በዚያው መስፈሪያ ስለሚሰፈሩ አንድ ቪዲዮ እንኳ አይጨመርልኝም።

የእኔ ለቅሶ ጎረቤት ሰማ፤ የዲስክ ሕመምተኛ ሁሉ ደጄን ሞላው። ከሁሉም እውነተኛ ጉድለት ይዞ የመጣው የ3 ቴራ ባለቤት ነው። የሱ 2048 ጊጋ ብቻ ያሳያል። ይህን አቆጣጠር አይሸፍነውም። የድሮው የክፍፍል መዝገብ፣ ኤምቢአር የሚሉት፣ ከዚያ በላይ አድራሻ መጻፍ አይችልም፤ 746 ጊጋ ሜዳ ላይ ቀርቷል። መዝገቡን ወደ ጂፒቲ መቀየር ነው መድኃኒቱ። ልጅቱ ግን አስቀድማ ያለውን ሁሉ ሌላ ቦታ አስገለበጠችው፤ እሷ በምትሠራበት መንገድ ዲስኩ ባዶ ካልሆነ አይቀየርም። ለሌላዋ ጎረቤት ደግሞ “ዲስክ ማኔጅመንት” የሚባለውን ከፍታ ጥቁር መስመር ያለበትን ሣጥን አሳየቻት፤ ማንም ያልያዘው ባዶ መሬት ነው። ከጎኑ ያለውን ክፍል ተጭና አሰፋችው፤ አለቀ። በላፕቶፕ ላይ አምራቹ ለጥገና ብሎ የደበቃት ትንሽ ክፍልም አለች፤ እሷን አትንኩ ብላለች፤ እኔም እላለሁ።

በመጨረሻ የመጣው ጎረቤት 2 ቴራ የተጻፈበት ፍላሽ ይዞ መጣ። ገበያ ዳር፣ በምሳ ዋጋ የገዛው ነው። ኮምፒውተሩም ሲሰካ 2 ቴራ ነው ብሎ ይመሰክርለታል። ልጅቱ አፏን አጣመመች፤ ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የምትባል ፕሮግራም ከፈተችና ፍላሹን እስከ አፉ ሞልታ ያስገባችውን መልሳ ማንበብ ጀመረች። እኔ ቡና ጠጣሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ፣ እራት በላሁ፤ እሱ ገና ይሞላል። በማግሥቱ ውጤቱ ወጣ። ውስጡ ያለው 32 ጊጋ የማይሞላ ነው፤ ቀሪውን አስመስለው የጻፉት ነው። ከዚያ በላይ የሚገባው ሁሉ የገባ መስሎ ይጠፋል።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሌባ ተገኘ! ሻጩ በነጋታው ከቦታው ባይኖርም፣ ቢያንስ እንደ ጥንቱ የሚረገም ሰው አለ። ጎረቤቴ ግን እርግማኔን አልሰማም። የልጁ ሠርግ ፍላሹ ላይ ነበር፤ የቀረጸው ሰውም ከስልኩ አጥፍቶታል። ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት በር እስክትደርስ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከበሩ ወዲህ ያለው ፋይል አይከፈትም። ሰውየው ከኋላዬ ሆኖ ስለ አቆጣጠሩ ሳወራ የሰማውን ሁሉ በልቡ ይዞ ኖሯል፤ ወደ ልጅቱ ጠጋ ብሎ በቀስታ፣

“ልጄ፣ ማክ ላይ ብንሰካው ጭፈራው አይመጣም?” አላት።