ቴሌስኮፑ ለጊዜው ይቆይ

የተማሪዎች የሥነ ፈለክ ክበብ በተቋቋመ ማግስት የሚነሳው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ ቴሌስኮፕ ከየት ይምጣ? ሊቀመንበር፣ ምክትል፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተመርጠው፣ የቲሸርቱ ቀለም ላይ ስምምነት ተደርሶ፣ ማኅተም ይቀረጽልን የሚል ደብዳቤ ከገባ በኋላ ሰማዩን ለማየት የሚቀረው እሱ ብቻ ይመስላል። ለለጋሽ ይጻፋል፣ መልስ ይጠበቃል፣ ሊቀመንበሩም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ይሄዳል። አልፎ አልፎ ቴሌስኮፑ እውነትም ይመጣል። ችግሩ የሚብሰው ያኔ ነው። ውድ ዕቃ ነውና በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ ንብረት ክፍል ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ለማውጣት ሞዴል 22 መሞላት አለበት፤ ቁልፉን የያዙት ሰውዬ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቤታቸው ይገባሉ፣ ኮከቦቹ የሚወጡት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የምለው፣ ክበቡ ቴሌስኮፕ የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ እንጨት፣ ማስመሪያና የማይጠፋ ደብተር ነው። ይህን የምለው ቁጠባ ለመስበክ እንዳይመስላችሁ፤ በእንጨቱ የሚገኘውን ትምህርት ቴሌስኮፑ ስለማይሰጥ ነው።

በየዓመቱ ሚያዝያ 5 ገደማ ፀሐይ ቀትር ላይ በአዲስ አበባ አናት ላይ ቀጥ ትላለች፤ የአንድ ሜትር እንጨት ቢያቆሙ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ክርክር ይነሳል፤ ቀትር ስንት ሰዓት ነው? ሬዲዮው ስድስት ሰዓት ይላል፤ እንጨቱ ግን ጥላውን እስኪጨርስ 25 ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል። ልክ የሆነው እንጨቱ ነው። ሰዓታችን የተቃኘው በ45ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፤ መስመሩ የሚያልፈው ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ርቆ በኦጋዴን በኩል ስለሆነ፣ ፀሐይ ከዚያ እኛ አናት ላይ ለመድረስ በዲግሪ አራት ደቂቃ ሒሳብ 25 ደቂቃ ትፈጃለች። በዚያው ዕለት የመቀሌ ክበብ ተመሳሳይ እንጨት ቢያቆም፣ ቀትሩ ሦስት ደቂቃ ያህል ይቀድመዋል፣ ጥላውም ወደ ሰሜን 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይዘረጋል። ታንጀንት ለምን እንደተፈጠረ ለማያውቅ ተማሪ ይኸው አንድ ጥቅሙ፦ 8 ሳንቲ ሜትሩን ወደ 4.5 ዲግሪ ይለውጥለታል። ሁለቱ ከተሞች በካርታ ላይ በቀጥታ መስመር የሚራራቁት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመኪናው መንገድ አይቆጠርም፣ እሱ ተራራ ባየ ቁጥር ይዞራል። እንግዲህ 4.5 ዲግሪው 500 ኪሎ ሜትር ከሆነ 360 ዲግሪው 40,000 ይመጣል፤ የምድር ዙሪያ ተገኘ። ኤራቶስቴነስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ምዕተ ዓመት በአስዋንና በእስክንድርያ መካከል የሠራው ይህንኑ ነው። እሱም ሞዴል 22 አልሞላም።

ዋናው ትምህርት ያለው ግን ሒሳቡ አልገጥም ሲል ነው። የመቀሌዎቹ 9 ሳንቲ ሜትር ብለው ቢልኩ ምድር ወደ 35,000 ኪሎ ሜትር ትከሳለች፤ 7 ቢሉ 45,000 ሆና ትወፍራለች። የአንድ ሳንቲ ሜትር ስህተት ደግሞ የስንፍና ምልክት አይደለም። ፀሐይ በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ስፋት ያላት ክብ ስለሆነች የጥላው ጫፍ በምላጭ እንደተቆረጠ ሆኖ አያርፍም፤ ጥቁሩ ወደ ግራጫ፣ ግራጫው ወደ ብርሃን እየሳሳ ይጠፋል፤ ይህ የደበዘዘ ዳርቻ ብቻውን በአንድ ሜትር እንጨት 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንዷ ተማሪ ጥላው እዚህ ያበቃል ትላለች፣ ሌላው የለም እዚህ ጋ ነው ይላል፤ ሁለቱም አልዋሹም። እንጨቱን በቱንቢ ማቆም፣ ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን መውሰድ፣ ቁጥሩን ሲናገሩ «ቢበዛ ይህን ያህል፣ ቢያንስ ይህን ያህል» ብሎ ማከል ከዚህ ጠብ የሚወለዱ ነገሮች ናቸው። ክፍል ውስጥ ይህ አይገኝም፤ ፈተናችን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እንጂ «በኤ እና በቢ መካከል የሆነ ቦታ» የሚል ምርጫ የለውም። በየስብሰባው «ዕቅዳችንን 98.7 በመቶ አሳክተናል» የሚሉ ሪፖርት አቅራቢዎች በልጅነታቸው ጥላ ለክተው ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ ነጥብ ሰባቷን ይተዋት ነበር ብዬ እገምታለሁ።

«ኧረ ልጅን የሚስበው የሳተርን ቀለበት ነው እንጂ እንጨት ነው?» የሚል አይጠፋም። አልፈርድበትም። ሳተርንን በቴሌስኮፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው አንዱ መስተዋቱ ላይ ሥዕል የለጠፈበት ይመስለዋል፤ ያን ድንጋጤ የሚተካ እንጨት አልተቆረጠም። ችግሩ የሚቀጥለው ሳምንት ነው። አርባ ተማሪ ተሰልፎ፣ እያንዳንዱ ለግማሽ ደቂቃ አጮልቆ «ውይ!» ብሎ ካለፈ በኋላ፣ ሳተርን በሳምንቱም ያው ሳተርን ነው፤ ሰልፉ ግን ያጥራል። በርካሽ የሚሸጠው ቴሌስኮፕ ደግሞ ካርቶኑ ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» ይላል። የሌንሱ ስፋት 60 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ120 ጊዜ በላይ ማጉላት ብዥታን ማጉላት ነው፤ ስፋቱን በሚሊ ሜትር ወስዶ በሁለት ማባዛት ነው ሕጉ። ይህን የማያውቅ ክበብ 525ቱን ይገዛል። የሚያውቀው በዚያው ገንዘብ ደህና ባይኖኩላር ይገዛና፣ ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያገኛቸውን አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች ቦታ በየምሽቱ ይመዘግባል። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2004 ሲቋቋም ቀድሞ የነበረው ሰው ነው፤ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ የተተከሉት ሁለቱ ባለ አንድ ሜትር የእንጦጦ ቴሌስኮፖች የመጡት ከዓመታት በኋላ ነው።

በባዶ ዓይን የሚረባ ነገር ይገኛል ወይ ለሚለኝ ምስክሬ ጆን ጉድሪክ ነው፤ ዮርክ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የሚኖር፣ መስማት የተሳነው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1782 መጨረሻ አልጎል የሚባለውን ኮከብ ከጎረቤቶቹ ጋር እያወዳደረ፣ ዛሬ ከዚያኛው ይደምቃል፣ ዛሬ ከዚህኛው ያንሳል፣ እያለ መጻፍ ጀመረ። ኮከቡ በ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ አንዴ ለጥቂት ሰዓታት ይፈዝና ተመልሶ ይደምቃል፤ ልጁ ያገኘው ቁጥር ከዚህ የሚለየው በደቂቃዎች ብቻ ነበር። ምክንያቱንም ገመተ፤ ጨለማ የሆነ አካል እየዞረው በፊቱ ያልፍ ይሆናል አለ። በ1783 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያ ሸለመው፤ ግምቱ በመሣሪያ የተረጋገጠው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1889 ነው። የክበቡ አባላት ሁለት ነበሩ፣ እሱና ወዳጁ ኤድዋርድ ፒጎት፤ ሊቀመንበር የመረጡበት ቃለ ጉባኤ አልተገኘም። አልጎል ከእኛም ይታያል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ማታ ማታ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ነው። ከተማ ውስጥ ለሚኖር ክበብ መብራት የሚጠፋበት ምሽት ይመረጣል፤ በዚህ ጉዳይ መብራት ኃይልን የሚያመሰግን ብቸኛ ማኅበር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

«ሴት ልጄን በሌሊት የምሰድበት ክበብ የለም» ለሚሉ ወላጆች መልሱ አጭር ነው፤ አይስደዱ። ጥላው የቀን ሥራ ነው። ከዚያም በላይ አይ ኤ ኤስ ሲ የሚባል ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ሐዋይ ካለ ትልቅ ቴሌስኮፕ የተነሱ ምስሎችን ለተማሪዎች በነፃ ይልካል፤ በደቂቃዎች ልዩነት የተነሱ አራት ፎቶዎችን እያፈራረቁ ከነጥቦቹ መካከል የምትንቀሳቀሰዋን መፈለግ ነው፤ ከተገኘች አስትሮይድ ናት። ክላይድ ቶምቦ እ.ኤ.አ. በ1930 ፕሉቶን ያገኘው በዚሁ ዘዴ ሲሆን፣ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ገና ያልረገጠ የገበሬ ልጅ ነበር። ክበቡን ከአውደ ነገሥት ኮከብ ቆጠራ ጋር የሚያምታቱ ቢኖሩም፣ ፋሲካን በባሕረ ሐሳብ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የጨረቃ ዙር አስልቶ የሚያውቅ አገር የሰማይ ሒሳብን ባዕድ ሊለው አይገባም።

«የሚበላ ሳይኖር ሰማይ ምን ያደርጋል?» ለሚለው የተለመደው መልስ ሳተላይት ለእርሻ ይጠቅማል የሚል ነው፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2019 ስትመጥቅ ብዙ ተብሎለታል። እውነት ነው፣ ግን ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሩቅ ተስፋ ነው። እኔን የሚያሳምነኝ ቅርቡ ነው፤ ዘይት በሊትር ሲሸጥ ጎድሎ እንደሆነ ለመለካት የማያፍር፣ ከለካም በኋላ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚያውቅ ልጅ። ደግሞስ ሰማዩ ላይ ርስት አለን። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢትዮጵያ በደረሳት ዕጣ፣ አንድሮሜዳ ውስጥ ያለ አንድ ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተብለዋል። ኮከቡ በዓይን አይታይም፣ በባይኖኩላር ግን ይደረስበታል። ቶናና በረካ እስካሁን አልቀረቡም፤ ቢገኙ የስም ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም።

የሚጣደፍ ክበብ ካለ ቀጠሮው ቅርብ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ የፀሐይ ግርዶሽ አለ፤ ሰኔ 14 ቀን 2012 በላሊበላ ላይ ቀለበት ሠርቶ እንዳለፈው ሳይሆን እኛ ዘንድ ከፊል ብቻ ነው፤ ሙሉው ጨለማ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ላይ ያልፋል። ወቅቱ ክረምት ስለሆነ ደመናው ለእኛ ማስረጃ ላይተው ይችላል፤ ቢገልጥ ግን በወጥ ቤት ወንፊት በኩል መሬት ላይ የሚወድቀው ብርሃን በሺህ የሚቆጠሩ ጎደሎ ፀሐዮችን ያሳያል፤ በባዶ ዓይን ወደ ላይ ማየት ዓይን ያጠፋል። ባይገልጥም ቴርሞሜትሩ ሥራ አይፈታም፤ በየአምስት ደቂቃው ይነበባል። ጅዳ ደግሞ ሙሉ ጨለማው ውስጥ ናት፣ እዚያ ዘመድ የሌለው የክበብ አባል ማግኘትም ይከብዳል። እንግዲህ ኢሞ ከፍታ፣ ጨለማው ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ከስንት ሰኮንድ ላይ እንደጀመረና እንዳበቃ እንድትነግራት አክስቷን የምትለምን ልጅ ትኖራለች። አክስቲቱ ከአገር ቤት ሲደወል ከገንዘብ ሌላ ነገር ስትጠየቅ የመጀመሪያዋ ነውና፣ ሁለቴ አስደግማ ሳታጣራ አትቀርም።