የጫጩት ቤት መለዋወጫ

ዕድሜዎ አርባን አልፎ፣ ቤተሰብዎ ተኝቶ፣ እርስዎ ግን አምፖል ሥር አጎንብሰው ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ የፕላስቲክ ቡሎን በወረንጦ ይዘው ትንፋሽዎን ዋጥ አድርገው የሚያውቁ ከሆነ፣ ይህ ምክር የተጻፈው ለእርስዎ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞዎት ካላወቀም ገጹን አይለፉት፤ በሽታው ሰው አይመርጥም። እኔን የያዘኝ እዚሁ ጎንደር፣ ከፒያሳ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለ ቤት ውስጥ ነው። ጠበል ይሞከር ያሉም አልጠፉም።

በሽታው የጦር ተሽከርካሪን አሳንሶ መሥራት ይባላል። አብዛኛው ሰው የሚሠራው በ1/35 ነው፤ የእውነተኛው 35 ሳንቲ ሜትር በእጅዎ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ጀማሪ ሁሉ በጀርመኖቹ ግዙፍ ታንኮች ይጀምራል። እርስዎ እንዳይሳሳቱ። ቲገር የሚባለው ታንክ ወገራንም ደምቢያንም ረግጦ አያውቅም። ጎንደር ተቀምጦ የሰው አገር ታንክ መሥራት የጎረቤትን ልጅ እንደ መዳር ነው፤ ድካሙ የእርስዎ፣ ወጉ የሌላ።

ለእኛ የሚገባን አገራችንን የረገጠው የጣሊያኑ ሲቪ 33 ነው። ፊያትና አንሳልዶ የሠሩት፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ከ3 ቶን ብዙም የማይበልጥ፣ አናቱ የማይዞር፣ መትረየሱን ከፊት በግራ በኩል የሰካ ትንሽ ታንክ ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር ከምናምን፣ ከፍታው 1 ሜትር ከ30 ገደማ። በ1/35 ሲሠራ ርዝመቱ 9 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 4 ያልሞላ ይሆናል። እኔ የገዛሁት ብሮንኮ የተባለው የቻይና ኩባንያ ያወጣውን ነው። ገጣጥሜ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው እናቴ መነጽሯን አድርጋ ዙሪያውን አየችውና «የጫጩት ቤት ነው?» አለችኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ በራሱ ሙሉ ታንክ ያወጣል። ባጃጅም ከፋብሪካ ሲወጣ ሙሉ ነው፤ ባለቤቱ ግን መጋረጃ፣ ዘርፍና ተለጣፊ ሳይጨምር ውሎ አያድርም። የሞዴል ሰውም እንዲሁ ነው። ፕላስቲኩ ወፍራም ነው ይላል፣ አፈሙዙ ክብ አይደለም ይላል፣ መለዋወጫ ያዛል። የቼኩ ኤዱዋርድ ኩባንያ እንደ ወረቀት የሳሳ ላሜራ በአሲድ እያስበላ መቀርቀሪያና ማጠፊያ ያወጣል። የፖላንዱ አቤር በቶርኖ የወጣ የብረት አፈሙዝ አለው። የሃንጋሪው ፍሪውልሞዴል ሰንሰለቱን ጥርስ በጥርስ በእጅ የሚገጣጠም አድርጎ ከብረት ይሠራዋል። ከዚያ ወዲያ ሬዚን ከሚባል፣ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ከሚደርቅ ፈሳሽ ፕላስቲክ የተሠራ ሞተርና ወንበር የሚሸጡም አሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ ዕቃው ባነሰ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል።

ሰንሰለቱን በተመለከተ ልብ ይበሉ። የብረት ሰንሰለት የሚወደደው ክብደት ስላለው ከላይ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረገብ ስለሚል ነው። ትልልቆቹ ታንኮች ላይ እውነትም ያምራል። የሲቪ 33 የላይኛው ሰንሰለት ግን በእንጨት ሐዲድ ላይ ስለሚንሸራተት የመርገብ ዕድሉ ጠባብ ነው። ይህን እኔ ያወቅሁት ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። እርስዎ ከመክፈልዎ በፊት ይወቁት።

ሞተሩንም ይተዉት። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ በመላእክት ፊት የሞላው ሰው ከታች አንገቱን ቀና የሚያደርግ ምዕመን እንዳለ ያውቅ ነበር። እርስዎ የከደኑትን ሞተር ቀና ብሎም ጎንበስ ብሎም የሚያይ የለም። ሁለት ሳምንት ሽቦ በሽቦ ያሰርኩትን ሞተር ከደንኩና ለእንግዶች «ውስጡ ሞተር አለው» ማለት ጀመርኩ። ሰው በአክብሮት ራሱን ይነቀንቃል። የቀብር ሥነ ሥርዓት ይመስላል።

ዕቃው እንዴት ይመጣል? እንደ ሁሉም ነገር፣ በዘመድ ሻንጣ። ለአጎትዎ ልጅ አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፍተሻ ላይ «ታንክ» የሚለውን ቃል አፉ እንዳያወጣ። የኔ የአጎት ልጅ እውነተኛ ሰው ነው፤ ሲጠየቅ እውነቱን ተናገረ። «የታንክ መለዋወጫ» ብሎ። ሻንጣው ሦስት ጊዜ ተፈተሸ። በመጨረሻ ከአንዲት ፖስታ ውስጥ የጣት ጥፍር የሚያህል ላሜራ ሲወጣ ፈታሹ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየውና «ለልጅህ ነው?» ብሎ በርኅራኄ መለሰለት።

የክፍሎቹን ስም ለማወቅ ደግሞ መጽሐፍ አይግዙ፤ ሰፈርዎ ያለ ጋራዥ ይሂዱ። የመገጣጠሚያውን ወረቀት ይዤ ስሄድ መካኒኩ ዘይት በነካው ጣቱ እየጠቆመ ጭቃ መከላከያውን ፓራፋንጎ፣ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ፣ ማርሽ መለወጫውን ካምቢዮ፣ ማጣመሪያውን ፍሪሲዮን ብሎ ጠራልኝ። ታንኩ ከነጣሊያንኛው እዚሁ ቀርቷል። ካቻቢቴና ፒንሳም በነፃ ያውሱዎታል፤ ብቻ ፒንሳው ከታንኩ እንደሚበልጥ ይዘጋጁ።

ስለ ላሜራው አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በዓል ቀን አይቁረጡት። እኔ በምላጭ ስቆርጥ የክዳኑ መያዣ እጀታ፣ ርዝመቱ ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ ጥዝ ብሎ ተፈናጠረ። ቤቱ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ቡና ተፈልቷል፤ ሦስት ጎረቤት ተቀምጧል። በጉልበቴ ተንበርክኬ ቄጠማውን አንድ በአንድ መፈተሽ ስጀምር አንዷ እትዬ ጀበናው እስኪሰክን ታግሣ «የወርቅ ጥርስ ወደቀብህ እንዴ ልጄ?» አለችኝ። የታንክ እጀታ ነው ብል ማን ያምነኛል? አዎ አልኩ። ሁሉም ተነሥተው አብረውኝ ፈለጉ፤ ጥርሱን ለማየት ግን አፍህን ክፈት ያለኝ ባለመኖሩ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ። እጀታው እስካሁን አልተገኘም። በሁለተኛው ቀን ከዳሸን ቢራ ቆርኪ ጠርዝ ላይ በምላጭ ስስ ቁራጭ አውጥቼ ጎብጥ አደረግሁና ተካሁት። ከታዘዘው ጋር አስተያይቶ የለየው ሰው የለም።

እንግዲህ ራስዎ መሥራት ለአገራችን አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ሲያስቀልጡ መለዋወጫ ከውጭ አላዘዙም፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት አስጎተቱት፤ እዚያው አለ። ጣሊያኖችም ራሳቸው በ1933 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ ተከበው መለዋወጫው ሲቋረጥባቸው የጭነት መኪና ላይ ብረት እየለበጡ ተሽከርካሪ ሠርተዋል። ጄኔራላቸው ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን እስኪሰጥ ድረስ የቆየው በእንዲህ ያለ ጥፍጥፍ ጭምር ነው። ስለዚህ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ ብልጭልጭ፣ የሻማ ሰም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ደግሞም ምስክር ይፈልጉ። የኔ ምስክር በድሮው ጦር ቲ-55 ላይ የነበረ ጎረቤቴ ሃምሳ አለቃ ነው። ታንኩን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከአቤር ያስመጣሁትን አፈሙዝ ያደንቃል ብዬ ስጠብቅ፣ «ውሃ የት ይይዛሉ?» አለኝ።

«የምን ውሃ?»

«ሁለት ሰው ብረት ውስጥ፣ በረሃ ላይ። ጀሪካን የለም፣ ድስት የለም፣ ካፖርት የለም። ይሄ ታንክ ሰው ገብቶበት አያውቅም።»

ከዚያ ጎኑ ላይ በሥርዓት የደረደርኳቸውን አካፋና ዶማ አየና፣ «እነዚህ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ይሰረቃሉ፤ አውጣቸው» አለኝ። ከውጭ የመጡ ናቸው፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ አወጣኋቸው።

ወደ ዋናው ምክሬ መጣሁ። የሞዴል ሰው ገንዘቡን ሁሉ ታንኩ ፊት ላይ ያፈሳል፤ መትረየሱ፣ መብራቱ፣ የመመልከቻው ቀዳዳ። የእኛን ታሪክ ካወቁ ግን ገንዘብዎን ከኋላ ያድርጉት። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ራስ እምሩ ከጎጃም ያመጡት ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ ጣሊያኖችን ሲገጥም፣ እነዚህ ትንንሽ ታንኮች ከመተላለፊያው መውጣት አቃታቸው። መትረየሱ የሚተኩሰው ወደ ፊት ነው፤ አናቱ አይዞርም። አርበኞቹም ይህን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከኋላና ከጎን ደርሰው ብረቱ ላይ ወጡ፤ አንዱ ክዳኑን አንኳኩቶ አስከፈተ ተብሎ ይተረካል። እንግዲህ የዚያን ቀን ታንኩ የታየው ከኋላ ነው፤ ማርሚታው፣ የሞተሩ ወንፊት፣ ከላይ ያለው ክዳን። የእርስዎም ላሜራ መሄድ ያለበት እዚያ ነው። ክዳኑ ላይ መቀርቀሪያው በደንብ ይሠራ፤ ታሪኩ ሁሉ እሱ ላይ ነው።

ቀለሙን ሲጨርሱ አፈር ያልብሱት፤ የተዘጋጀ የአፈር ዱቄት በጠርሙስ የሚሸጥ አለ፣ እርስዎ ግን ከዚያ ይታቀቡ። የወገራውን ጥቁር ዋልካም እንዳይጠቀሙ፤ ደምበጉና ባለበት በሽሬ በኩል ታኅሣሥ ላይ የሚነሣው አቧራ ነው እንጂ ጭቃ አይደለም። እኔ ከግቢ ደረቅ አፈር በሻይ ማጥለያ ነፍቼ በብሩሽ ረጨሁት። የሻይ ማጥለያውን መመለስ አይርሱ፤ በእኛ ቤት አንድ ቀን ሻዩ ደምበጉና ደምበጉና ብሏል።

የቀረኝ ሰውየው ነበር፣ የሚያንኳኳው። ሽቦ አጥፌ፣ በሻማ ሰምና በማጣበቂያ አካል ሰጥቼ አቆምኩት። 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በ1/35 ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ታንኩ አጠገብ ሳቆመው ከታንኩ አለፈ። ደግሜ ለካሁ፤ ልክ ነበር። እውነተኛውም አጠገቡ ሲቆም ከላይ ወደ ታች እያየው ነው የነበረው። ሃምሳ አለቃን ጠርቼ አሳየሁት፤ ጎንበስ ብሎ አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ሰውየውን ራቁቱን ማቆም ግን አይሆንም፤ ብርድ ነው። ልብስ የሚሆን ስስ ጨርቅ ከውጭ ማዘዝ አሰብኩና ዋጋውን አይቼ ተውኩት። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከሳጥኗ ከነጠላዋ ጫፍ የጣት ጥፍር የሚያህል ቆርጬ በውሃና በማጣበቂያ አርሼ ትከሻው ላይ አጣፋሁለት። እጥፋቱ የሚያምር ሆነ። ማታ እናቴ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። መነጽሯን አደረገች። ሰውየውን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ጣቷን ልትነካው ዘረጋች፣ መልሳ ሰበሰበች።

«ይሄ ልጅ» አለች፣ «ጫጩት ቤት ላይ የሚንጠላጠለው፣ የለበሰው የማንን ነጠላ ነው?»