«ቆይ፣ ከቦርሳዬ ልስጥሽ»

የሐረር ጁጎል ጥንታዊ በሮች አምስት ናቸው። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአሚር ኑር ጊዜ የተሠራው ጠላት እንዳይገባ ነው፤ ወሬ እንዳይወጣ ግን ማንም አላሰበበትም። ጠዋት ሸዋ በር ላይ «ወይኔ ወገቤ!» ያለ ሰው ፈረስ መጋላ ሳይደርስ ተመርምሮ ያልቃል። አንዷ «ዲስክ ነው» ትላለች፣ ሌላዋ «ኩላሊት ነው»፣ ሦስተኛዋ «ብርድ ነው» ብላ ሁለቱንም ትሽራለች። በበሽታው ይጨቃጨቁ እንጂ በመድኃኒቱ ጠብ የለም። ሦስቱም ቦርሳቸውን ይከፍታሉ፤ ከሦስቱም ትራማዶል ይወጣል። የእኔም ቦርሳ ቢሆን ከማንም አያንስም፤ ቁልፍ ስፈልግ መጀመሪያ የሚገኘው ክኒን ነው።

«ምን ችግር አለው? የፓራሲታሞል ታላቅ ወንድም እኮ ነው!» ትላለች ጎረቤቴ። ዝምድናውን አዛብታዋለች። በ1977 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ለገበያ የቀረበው ትራማዶል ወገንነቱ ከሞርፊን ነው። የታመመውን ወገብ አይጠግንም፤ አንጎል ሕመሙን እንዳይሰማ ያደርጋል። ከልክ ካለፈ ትንፋሽን ያዘገያል፣ ሰውን ጥሎ ሊያንዘፈዝፍም ይችላል፤ በቶሎ ካልተቆመ ደግሞ ይለመዳል። ሐኪሙ መጠኑን ለክቶ ቀኑን ቆጥሮ የሚያዘው ለዚህ ነው። እኛ ግን «አንድ ካላስታገሰሽ ሁለት አድርጊው» ብለን በነጻ እናሻሽልለታለን።

ይህችው ጎረቤቴ፣ አጎቷ በካንሰር ታመው ሐኪም ሞርፊን ያዘዘላቸው ዕለት ግን ሰፈሩን በአንድ እግሩ አቆመችው። «ሞርፊን?! ሱሰኛ ሊያደርጓቸው ነው! ተስፋ ቆርጠውባቸዋል ማለት ነው!» የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር በዚያው በ1977 ሲያወጣ ሞርፊንን አካትቶታል። በሐኪም ክትትል ሲወሰድ እንዲህ ላለው ከባድ ስቃይ ዋነኛው መድኃኒት እሱ ነው። ይህን የሚነግራት ነርስ ቢመጣም ማን ይስማው! አጎት ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ አደሩ። እሷም ጩኸቱ ራሷን አሳመማትና ከቦርሳዋ ትራማዶል አውጥታ ዋጠች።

ከቶሮንቶ ዘመድ የመጣ ቀን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሻንጣው ሲከፈት ሽቶው ለሴቶች፣ ጫማው ለልጆች፣ «ታይለኖል ቁጥር 3» የሚል ብልቃጥ ደግሞ ለአዛውንቶች ይከፋፈላል። ቁጥሩ የሚያመለክተው ከፓራሲታሞሉ ጋር ኮዴይን የሚባል ሌላ የሞርፊን ዘመድ፣ ያውም 30 ሚሊግራም፣ መጨመሩን ነው። እኛ ዘንድ ግን ትርጓሜው በዛ። አንዱ «በቀን ሦስቴ ማለት ነው» አለ። ሌላው «የለም፣ ሦስቱን ባንድ ላይ ነው» አለ። ሦስተኛው በውስጡ ፓራሲታሞል መኖሩን ሳያውቅ ከላይ ሌላ ፓራሲታሞል ደረበበት። እንኳንም ቁጥር ዐሥር የሚባል አልመጣ!

«ለእኔ ሠርቶልኛል፣ ላንቺም ይሠራል» የሚባለው ነገርስ? ኮዴይን ብቻውን ብዙም አቅም የለውም፤ ጉልበት የሚያገኘው ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ትራማዶልንም ይበልጥ የሚያበረታው ይኸው ኢንዛይም ነው። ኤሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶ የሚሆኑት የዚህ ኢንዛይም ጂን ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አገኙ። የእነዚህ ሰዎች ጉበት ችኩል ነው፤ ለሌላው ልክ የሆነው ክኒን ለእነሱ ከልክ በላይ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2017 እ.ኤ.አ. ኮዴይንንም ትራማዶልንም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለሕመም ማስታገሻነት እንዳይሰጡ፣ የምታጠባ እናትም እንዳትወስዳቸው አስጠንቅቋል። እንግዲህ ባንድ ትሪ የምንበላ ጎረቤታሞች ብንሆንም ጉበታችን አልተጎራበተም።

በርጫው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ጫት ይህንኑ ኢንዛይም እንደሚያዳክም አሳይቷል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላውን ሲቅም የዋለ ሰው የዋጠው ክኒን እንዳሰበው ላያስታግሰው ይችላል። እሱ ግን ጫቱን አይጠረጥርም። «የዘንድሮ መድኃኒት ፎርጅድ ነው!» ይልና ሌላ ይደግማል። ጫትም ሆድ ያደርቃል፣ ትራማዶልም ሆድ ያደርቃል። በማግስቱ ወገቡ ተሽሎት ሌላ ጉዳይ ይዞት ይመጣል። ለዚያም ቢሆን ቦርሳ አይጠፋም።

ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ሲጨመር ግን ቀልዱ ያልቃል። አልኮልም፣ የእንቅልፍ ክኒንም፣ ትራማዶልም ትንፋሽን ይጫናሉ፤ ሲገናኙ ደግሞ ይረዳዳሉ። ሰውየው ባልለመደበት አኳኋን ያንኮራፋል፣ ትንፋሹ ይራራቃል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ቢወዘውዙት አይነቃም። ይህ እንቅልፍ አይደለም፤ ያለው ባጃጅ ተይዞ ወደ ሕይወት ፋናም ሆነ ወደ ጁጎል ሆስፒታል የሚሮጥበት ሰዓት ነው። እኛ ግን ድንገት ጨዋ እንሆንና «ተዉት፣ ይተኛበት፣ ደክሞት ነው» እንላለን። ሌላ ቀን እኮ ጎህ ሳይቀድ ለስኳር ብድር በሩን የምንደበድብ ሰዎች ነን!

ለፋርማሲስቱ አለማዘን አይቻልም። «ማዘዣ አለዎት?» ሲል የዘር ሐረግ ይቆጠርለታል፤ የማን ልጅ እንደሆንን፣ አባቱ የማን ሰርግ ላይ እንደበሉ። አንዱ ጎልማሳ ባለፈው ስልኩን አውጥቶ የማዘዣ ፎቶ አሳየ። ስሙ የአማቱ፣ ቀኑ የአምና ነው።

«እናትዬን ነው ያመማቸው?» አለ ፋርማሲስቱ።

«አይ፣ እኔን ነው። እሳቸው ግን ፈቅደውልኛል።»

የታዘዘልንን እንኳ አንጨርስም፤ ሲሻለን የተረፈውን ሙዳይ ውስጥ እንከታለን። «ለክፉ ቀን» ነው። ከዚያ ክፉ ቀኑን የሚያገኘው፣ ከረሜላ የመሰለውን ሲጎረጉር የዋለ ሕፃን ይሆናል። መድኃኒቱ ተቆልፎበት ቢቀመጥ፣ የተረፈውንም «ምን ላድርገው?» ብሎ ፋርማሲስቱን መጠየቅ ቢለመድ ምን ነበረበት! ለአንድ ባዶ የቢራ ጠርሙስ መያዣ ፀሐይ ላይ ተሰልፈን የምንከራከር ሰዎች፣ ክኒን ለመመለስ ሲሆን እግራችን ይከብደናል። መንግሥት አንድ ነገር ያድርግ፤ በትራማዶል ላይም መያዣ ያስከፍል። በሳምንቱ ሐረር ውስጥ አንድ ፍሬ አይገኝም፤ የእኔ ቦርሳም ቢሆን መጀመሪያ ከሚሰለፉት ነው።