በአንድ ሳፋ ላይ የተመሠረተ ጥናት

ነጠላው መጋቢት ላይ ሲገዛ ጸዓዳ ነበር። ጥቅምት ላይ ቡላ ሆነ፤ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ዳለቻ። የከብት ቀለም ለልብስ መዋሉ ቅር የሚለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ላይ እረኛ ከሳሙና ሻጭ የተሻለ ቃላት እንዳለው አጥኚው አረጋግጧል። የሳሙና ሻጭ የሚያውቀው «ነጭ» እና «ይበልጥ ነጭ»ን ብቻ ነው።

የጥናቱ መነሻ የጥምቀት መቃረብ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ብያኔ ስለ ቀሚስ እንጂ ስለ ነጠላ ያነሳው ነገር ስለሌለ፣ አጥኚው ከመበጣጠስ በፊት ማጠብን መርጧል። የናሙናው ብዛት አንድ ነው። ለማነጻጸሪያ ሁለተኛ ነጠላ እንዲፈቀድለት አጥኚው እናቱን ጠይቆ ነበር፤ ሙሉ መልሷ «ሞክረኝ!» የሚል ነው።

ልብስ ለምን ይወይባል? በቤታችን ለዚህ ጥያቄ የተሰጡት መልሶች በሙሉ ሰው የሚከሱ ናቸው፤ አጣቢዋ፣ ባለሱቁ፣ የሰው ዐይን። ኬሚስትሪ ግን ጣቱን የሚቀስረው ውሃና ሳሙና ላይ ነው። የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይበዛበታል፤ ሳሙና ከእነዚህ ጋር ሲገናኝ አረፋ መሆኑ ይቀርና የማይሟሟ ዝቃጭ ሆኖ ክሩ ላይ ይለጠፋል። ከሰውነት የወጣው ቅባትም አብሮ ይጋገራል። ልብሱ ወየበ ብሎ ሳሙና የሚጨምር ሰው እንግዲህ በገዛ ገንዘቡ እድፍ እየገዛ ነው። በተለይ ውሃ በፈረቃ በሚደርሰው ሰፈር ሁሉም ለማሸት ቸር፣ ለማለቅለቅ ስስታም ነው፤ ሦስት ጊዜ መለቅለቅ የነበረበት ነጠላ በግማሽ ጀሪካን ተሰናብቶ ገመድ ላይ ይወጣል። ከቀናት በኋላ ደግሞ «ውሃ መጣች!» ይባላል። መጀመሪያ የምትመጣው ውሃ ቡናማ ናት፤ ቡናማነቷ የቧንቧ ዝገት ነው፤ ዝገት ነጭ ጥጥን ቢጫ ያደርጋል። ቧንቧው መፍሰስ እንደጀመረ ሮጦ ሳፋውን የሚደቅን ሰው እያጠበ ሳይሆን እያቀለመ ነው። አጥኚው ሁለት ጊዜ ሮጧል።

ስለ ጥንታዊ ዘዴዎች ጥቂት ማለት ይገባል። አያቶቻችን የሚያነጡት በእንዶድ ነበር። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ ውስጡ ያለው ሳፖኒን ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ስለሆነ ግኝቱ በዓለም ታወቀ፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኘላቸው። ስለ ቀንድ አውጣዎቹ ብዙ ተጽፏል። ልብሶቹ ነጡ ወይስ አልነጡም ለሚለው ጥያቄ ግን አጥኚው ካነበባቸው ጽሑፎች ውስጥ አንድም መልስ አላገኘም።

ደቾች በበኩላቸው ክሎሪን ከመምጣቱ በፊት ጨርቃቸውን በአሬራ እየዘፈዘፉ ለወራት ሣር ላይ ያሰጡ ነበር። ይህ ለአጥኚው እናት ሲነበብላት «አሬራውን?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀች። ዘዴው በቤታችን የመሞከር ዕድል የለውም።

ከዚያ በረኪና መጣ። ቃሉ ከጣሊያንኛው «ቫሬኪና» የተወረሰ ነው፤ ቀለሙን ግን ለማንም አያወርስም፤ ያገኘውን ሁሉ ይነጥቃል። በረኪና ነጭና ጥለት አይለይም። የመጀመሪያው ሙከራ ሲጠናቀቅ የነጠላው መሐል መለስ ያለ ሲሆን፣ ቀይና አረንጓዴ የነበረው ጥለት ደግሞ አዝኖ የተቀመጠ ሰው መሰለ። የዝገቱ ነጥቦች ምንም አልሆኑም፤ በረኪና ዝገትን ያባብሳል እንጂ አያነሳም። አብሮ የተዘፈዘፈው ነጭ የናይለን ካልሲ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ይህም የካልሲው ጥፋት አይደለም፤ ናይለን፣ ሱፍና ሐር በበረኪና የሚያገኙት ቀለም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሙከራ በምክር የተደረገ ነው። የአጥኚው አክስት በረኪናው «ጉልበት እንዲያገኝ» ሎሚ እንዲጨመቅበት አዘዙ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይለቃል። ጀርመኖች በሚያዝያ 1915 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኢፕር በተባለው ግንባር የተጠቀሙበት ጋዝ ነው፤ የእነሱ ዓላማ ግን ነጠላ ማንጣት አልነበረም። አጥኚው እያሳለ ከመታጠቢያ ቤቱ ሲወጣ ነጠላውን ውስጥ ትቶት ወጥቷል። (ኮምጣጤም ያው ነው። እንደ አሞኒያ ያሉ ሌሎች የጽዳት ኬሚካሎችም ከበረኪና ጋር ሲቀላቀሉ ሌላ መርዝ ያወጣሉ። በዚህ አንቀጽ ቀልድ የለም።)

ሦስተኛው የሰማያዊ ጉዳይ ነው። የወየበ ልብስ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ቢጫ ላይ ጥቂት ሰማያዊ ቢደረብ ዐይን ይታለልና ነጭ ያያል። የዘመኑ የዱቄት ሳሙና ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ውስጡ ያለው ቅመም ለዐይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሰዋል። በናይት ክለብ ሐምራዊ መብራት ሥር ነጭ ሸሚዝ እንደ መንፈስ የሚያበራው በዚሁ ምክንያት ነው። ቢጫው የትም አልሄደም፤ ዐይን ግን ረክቷል። አጥኚው ይህን ንድፈ ሐሳብ ሳያስበው ፈትሾታል፤ ሸሚዙን ሲዘፈዝፍ ኪሱ ውስጥ ሰማያዊ እስክሪብቶ ነበር። ንድፈ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ መጠኑ በዛ እንጂ።

ጥር 9 ቀን እናት ሳፋውን ቀማች። ነጠላውን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና አሳደረችው፤ ጠዋት አሸት አሸት አድርጋ፣ የሚንጠባጠበው ውሃ ጠርቶ እስኪታይ አራት ጊዜ አለቀለቀችው፤ እንደረጠበ የጥር ፀሐይ ላይ አሰጣችው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች አልትራቫዮሌቱ ብርቱ ነው፤ እርጥብ ጥጥን ያለ ክፍያ ያነጣል። ከሰዓት በኋላ ነጠላው ከጥለቱና ከዝገቱ ነጥቦች በቀር ተመልሷል። አጥኚው ዘዴዋን ለመመዝገብ ወረቀት ይዞ ቀረበ።

«ምን አደረግሽው?»

«አጠብኩት።»

ውጤቱ ሊጸድቅ ሲል ግን ከአጥሩ ማዶ፣ የጎረቤታችን የእማማ ገመድ ላይ፣ ሌላ ነጠላ ታየ። ከእኛው ይነጣል። በብዙ ይነጣል። አጥኚው አጥሩ ሥር ቆሞ እማማን በአክብሮት ጠየቃቸው፤ በምን ሳሙና፣ በስንት ውሃ፣ ለስንት ሰዓት?

«አይ ልጄ፣ ይሄ እኮ አዲስ ነው። የሳጥን ሽታ እንዲለቅለት ነው ያናፈስኩት፤ ገና ውሃ አልነካውም» አሉ።