ፍየሏ የመረጠችው መኪና

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3 ሰፈር ውስጥ መኪና መግዛት የግል ጉዳይ አይደለም። ባለቤቴ «ፕራዶ» ያለች ቀን ሰፈሩ በሙሉ ፕራዶ አለ። እኔ ብቻ ዓይኔን ከጎረቤታችን ከሐጂ ፔጆ 504 ላይ መንቀል አቃተኝ። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ ወደ ኋላ ይታጠፋል። እዚህ በፈረንሳይኛው «ዴካፖታብል» ይሏታል። ጣሊያናዊው ፒኒንፋሪና የነደፋት፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ለዓለም የታየች ቆንጆ። ሐጂ የገዟት ጅቡቲ ነፃ በወጣችበት እ.ኤ.አ. በ1977፣ ጓዙን ሸክፎ ወደ አገሩ ከሚገባ ፈረንሳዊ ነው። ወጣትነታቸው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ስላለፈ አማርኛቸው ከእኔ ይጣፍጣል።

«ልጄ፣ ፕራዶ ቤት ነው፤ ይህቺ ግን ሠርግ ናት» አሉና ለሦስት ቀን አዋሱኝ። «ከመግሪብ በፊት ሸራውን እንዳትከፍት» ብለውም ነበር።

ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ከፈትኩት። ሐምሌ ነው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን እያፈሰ ይበትናል። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ምጣድ ላይ የተደፋ ሊጥ ሆንኩ። ሰዓቱ ደግሞ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት የሚገባበት ነው፤ ከተማው በጡሩምባ ይናወጣል። ፕራዶ ውስጥ ብሆን መስታወቱ ጥቁር ነው፣ ማንም አያየኝም። አሁን ግን ሰላም ያላለኝ የለም፤ የዱቤ ደብተሩን ይዞ ከሱቁ በር ላይ የቆመው ባለሱቅ ጭምር። አንድ የማላውቀው ሰውዬ የጫት እስሩን እንዳቀፈ፣ በሩን ሳይከፍት ዘሎ ከጎኔ ተቀመጠና «ወደ ፕላስ ሬምቦ ነህ አይደል?» አለኝ። አልነበርኩም። ሄድኩ።

ቀዝቃዛ ውሃ ልገዛ ወርጄ ስመለስ የኋላው ወንበር ላይ ፍየል ተኝታለች። የጅቡቲ ፍየል ካርቶን በልታ የምታድር ናት፤ ሸራ ለእሷ ድግስ ነው። ጠርዙን እያመነዠከች በንቀት አየችኝ።

ፕራዶውን ገዛን። እውነት ለመናገር አይታማም። አርብ አርብ ቤተሰቡን ጭኖ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወዳለው ነፋሻው አርታ ይወጣል። 7 ሰው ይይዛል ተብሎ የተሠራ ነው፤ እኛ 9 ሆነን፣ ከፔርሙዝና ከምንጣፍ ጋር እንገባለን። መሄድ ነው፣ መድረስ ነው፤ ሲመለሱ የሚያወሩት ግን የለም። ከወደቡ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፉትንም መኪኖች አያለሁ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪኮቹ በዝተዋል። እነሱም ቁመታቸው የረዘመ፣ መስታወታቸው የጠቆረ ነው፤ ሸራ ያለው አንድም አላየሁ።

ጥር ሲገባ፣ አመሻሹ ላይ የባሕሩ አየር ሲቀዘቅዝ፣ ፕራዶው ደጅ ቆሞ ይቀራል። «እስኪ ሐጂን ለምናቸው» የምትለኝ ባለቤቴ ናት፤ ሻሿን አጥብቃ ከፊት የምትቀመጠውም እሷው። ፍየሏ የበላችውን ጠርዝ በራሴ ወጪ አሰፍቼዋለሁ፤ ሸራው ቡኒ፣ ክሩ ጥቁር።